የዙር ደብዳቤ ጥበብ

ስምንት ሴቶች በአንድ ኮሌጅ ተምረው፣ በአንድ የእህትማማች ማኅበር ውስጥ አብረው ኖረው፣ ተመርቀው ተበታተኑ እንበል። አንዷ መምህርት ሆነች፤ አንዷ ባሏን ተከትላ ወደ ካሊፎርኒያ ተሻገረች፤ አንዷ እናቷን ልታስታምም ወደ ትውልድ ከተማዋ ተመለሰች። ዘመኑ የሩቅ ስልክ ውድ የሆነበት፣ መንገዱም በባቡር ቀናት የሚፈጅበት ነው። ስምንቱም የስምንቱን ኑሮ ማወቅ ይሻሉ። እያንዳንዷ ለሰባቱ ለየብቻ ትጻፍ ቢባል፣ አንድ ጊዜ ብቻ ወሬ ለመለዋወጥ 56 ደብዳቤ ሊጻፍ ነው። እንዲህ ያለው ቃል በምረቃ ማግስት ይገባል፤ የመጀመሪያው ልጅ ሲወለድ ይፈርሳል።

አሜሪካውያት የኮሌጅ ምሩቃን ለዚህ ችግር የተጠቀሙበት ዘዴ «ራውንድ ሮቢን» ይባላል፤ የዙር ደብዳቤ ልንለው እንችላለን። የመጀመሪያዋ ሴት ደብዳቤዋን ጽፋ፣ ከስምንቱ ስምና አድራሻ ዝርዝር ጋር ለሁለተኛዋ ትልካለች። ሁለተኛዋ የራሷን ጨምራ ለሦስተኛዋ፣ ሦስተኛዋም ለአራተኛዋ እያለች ፖስታው እየወፈረ ይሄዳል፤ ስምንተኛዋ ለመጀመሪያዋ ትመልሰዋለች። አሁን ውስጡ ስምንት ደብዳቤ አለ። ተረኛዋ የሰባት ጓደኞቿን ታነባለች፤ የራሷን አሮጌ ደብዳቤ ታወጣለች፤ በቦታው አዲስ ጽፋ ትከታለች፤ ከዚያ ለቀጣይዋ ትልካለች። የጽዋ ማኅበር ያለው አንባቢ ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ ጽዋው ከተረኛ ወደ ተረኛ እንደሚያልፍ ፖስታውም ያልፋል።

ሲነገር ቀላል ነው። በቅርበት ለሚያየው ግን እያንዳንዷ ደንብ አንድ ችግር ልትፈታ የገባች መሆኗ ይታያል። እኔ ይህን አሠራር እንደ ጥሩ የእጅ ሥራ ነው የማደንቀው፤ የተረፈ ነገር የለበትም፣ የጎደለም የለውም፣ በብዙ እጅ ቢነካካም አይበላሽም።

ከሁሉ በፊት «አሮጌውን አውጪ» የምትለዋን ደንብ እንያት። እሷ ባትኖር ፖስታው በየዙሩ እየከበደ ሄዶ በሁለተኛው ዓመት ጥቅል ዕቃ ይሆን ነበር። የአሜሪካ ፖስታ ቤት የሚያስከፍለው በክብደት ነው፤ በ1915 (ዓመታቱም ወራቱም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ አውንስ፣ ማለትም 28 ግራም ገደማ የሚመዝን ደብዳቤ በሁለት ሳንቲም ይሄድ ነበር። አሮጌው እየወጣ አዲሱ ስለሚገባ ፖስታው ከስምንት ደብዳቤ አይበልጥም፤ ዋጋውም በየጊዜው ያው ነው። መምህርቷም የባለጸጋ ሚስትም እኩል ይችሉታል።

የወጣው ደብዳቤ የት ይሄዳል? ወደ ጸሐፊዋ ይመለሳል። የደንቡ ሁለተኛ በረከት እዚህ ላይ ነው። ሌላ ማንኛውም ደብዳቤ አንዴ ከተላከ የተቀባዩ ንብረት ነው፤ የላከው ሰው ምን እንደጻፈ ይረሳዋል። የዙር ደብዳቤ ግን ሰባት ቤት ጎብኝቶ፣ በሰባት ሰው ተነብቦ ለባለቤቱ ይገባል። እያንዳንዷ ሴት ፖስታውን አንድ ሳምንት ብታቆየው ዙሩ ስምንት ሳምንት ይፈጃል፤ በአሥር ዓመት ውስጥ አንዲት ሴት 65 ደብዳቤዎቿን ተረክባ በመሳቢያዋ ታስቀምጣለች። የዕለት ማስታወሻ መያዝ የማይሆንላት ሴት ሳታስበው የሕይወቷን መዝገብ ይዛ ትገኛለች። ያውም ለራሷ ብቻ ከጻፈችው የተሻለ መዝገብ ነው፤ ሰው እንዲያነበው ተብሎ የተጻፈ ነውና ነገሩ ተብራርቶ፣ ሰዉ በስም ተጠርቶ ይገኛል።

ከዚህ የረቀቀው ግን የጊዜው አደራደር ነው። ፖስታው እጅሽ ሲገባ በውስጡ ያሉት ሰባት ደብዳቤዎች እድሜያቸው አንድ ዓይነት አይደለም። ከአንቺ በፊት የነበረችው ተረኛ የጻፈችው የአንድ ሳምንት ነው። ከአንቺ ቀጥላ የምትመጣው፣ ፖስታውን የምትልኪላት ሴት የጻፈችው ግን ሰባት ሳምንት ሆኖታል፤ እጇ ሲገባ አውጥታ የምትለውጠው እሱን ነው። ስለዚህ አዋቂዋ አንባቢ ከአሮጌው ትጀምራለች። በአሮጌው «ልጄን ትኩሳት ይዞታል» ተብሏል፤ በሚቀጥለው «ትኩሳቱ በረደለት ወይ?» ተብሎ ተጠይቋል፤ በሌላው ደግሞ የራሷን ልጅ ያስታመመች እናት ምክር ሰጥታበታለች። አንድ ወሬ በሰባት ቤት ውስጥ ሲያልፍ እየተመለሰለት፣ እየተጨመረበት ሄዷል። ከሰባት ሰው የመጣ ሰባት የተለያየ ደብዳቤ ይህን አያደርግም። የዙሩ ፖስታ የሰባት ሰዎች ወግ ነው፤ ልዩነቱ ወጉ በሁለት ወር ውስጥ የሚነገር መሆኑ ነው።

ዙሩ አለቃም የለውም። ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ሰብሳቢ አያስፈልገውም። ያለው ዝርዝርና ተራ ብቻ ነው።

ይህ ቅርጽ ምን ያህል ሸክም እንደሚችል ለማየት ወይዘሮ ግሬስ ኩሊጅን የመሰለ ምስክር የለም። በልጅነት ስማቸው ግሬስ ጉድሂው የሚባሉት እኚህ ሴት በ1879 በቨርሞንት ግዛት በበርሊንግተን ከተማ ተወለዱ። በቨርሞንት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ በ1898 ፓይ ቤታ ፋይ የተባለው የሴት ተማሪዎች ማኅበር ቅርንጫፍ ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ አባላት አንዷ ነበሩ። በ1902 ተመርቀው በማሳቹሴትስ ግዛት ኖርዝሃምፕተን በሚገኘው የክላርክ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ በ1905 ካልቪን ኩሊጅ የሚባል ጠበቃ አገቡ። በ1915 የማኅበሩ ጉባኤ በካሊፎርኒያ በበርክሊ ሲካሄድ ተገኝተዋል። በዚያ ወቅት ከማኅበር ጓደኞቻቸው ጋር የጀመሩት የዙር ደብዳቤ ለአሥርተ ዓመታት ሲዞር ኖረ።

በዚህ መካከል የሆነውን አስቡት። ባለቤታቸው በ1916 የማሳቹሴትስ ምክትል ገዥ፣ በ1919 ገዥ፣ በ1921 የአገሪቱ ምክትል ፕሬዚዳንት፣ በነሐሴ 1923 ፕሬዚዳንት ሆኑ። የተረኛዋ አድራሻ ዋይት ሐውስ ቢሆንም የዙሩ ሕግ አይለወጥም፤ አሮጌው ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል፣ ወደ ቀጣይዋ ይሄዳል። ወይዘሮ ግሬስ በአደባባይ ዝምተኛ እንዲሆኑ የተፈረደባቸው ሰው ነበሩ። ባለቤታቸው ለጋዜጠኛ እንዲናገሩ አይፈቅዱም ነበር፤ አንድ ጊዜ የጋዜጠኛ ሴቶች ንግግር ያድርጉልን ቢሏቸው በምልክት ቋንቋ ተናገሩ እየተባለ ይወሳል። ለእንዲህ ያለች ሴት፣ ስሟን ከማዕረጓ በፊት የሚያውቁ ጓደኞች የሚያነቡት ወረቀት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ መገመት አያቅትም።

በሚያዝያ 1924 ከአንድ ሺህ የሚበልጡ የማኅበሩ አባላት ዋይት ሐውስ ተሰብስበው፣ ሠዓሊው ሃዋርድ ቻንድለር ክሪስቲ የሣሉትን የወይዘሮ ግሬስን ምስል አበረከቱ። ቀይ ቀሚስ ለብሰው ከነጭ ውሻቸው ከሮብ ሮይ ጋር የቆሙበት ይህ ሥዕል ዛሬም የቤተ መንግሥቱ ንብረት ነው። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ሐምሌ 7 ቀን፣ የ16 ዓመት ልጃቸው ካልቪን ሞተ። ቴኒስ ሲጫወት እግሩ ላይ የወጣው ውኃ የቋጠረ ቁስል ደሙን መርዞት ነው። እንዲህ ያለ ኀዘን የደረሰበት ሰው የሚፈራው አንዱ ነገር ታሪኩን ለእያንዳንዱ ወዳጅ ከመጀመሪያው ጀምሮ መተረክ ነው። በዙር ደብዳቤ ኀዘንተኛዋ አንድ ጊዜ ብቻ ትጽፋለች። አንድ ጊዜ ጽፋ ሁሉም ይሰማሉ፤ መጽናናቱ ደግሞ ከሁሉም ተሰብስቦ በአንድ ፖስታ ይመጣላታል። ከቅርጹ ደግነት ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል።

ወይዘሮ ግሬስ እጃቸው ሥራ የማይፈታ ሰው ነበሩ። በዋይት ሐውስ ሳሉ በፕሬዚዳንት ሊንከን ስም ለሚጠራው አልጋ የሚሆን የአልጋ ልብስ በኪሮሽ ሠርተዋል፤ ሁለት ዓመት ያህል ፈጅቷል። ኪሮሽ የሚያውቅ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ አንዱን ቁራጭ ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ፣ ትናንት ካቆሙበት ዛሬ መቀጠል፣ ክሩን ሳያጠብቁ ሳያላሉ መያዝ። ለአሥርተ ዓመታት ተራውን ሳያጓድሉ መጻፍም ይህንኑ እጅ ይጠይቃል።

አሁን ወደ ጽሑፉ እንግባ። የዙር ደብዳቤ ቅርጹ ብቻ አይደለም፤ ጸሐፊዋን የሚያርም አስተማሪም ነው። ሰባት ሰው የሚያነበው ወረቀት ላይ ከሰባቱ አንዷን ማማት አይቻልም፤ እሷም ታነበዋለች። ለአንዷ ድህነትን፣ ለሌላዋ ድሎትን ማውራትም አይቻልም፤ ያለሽ አንድ ወረቀት ነው። ስለዚህ ጸሐፊዋ በጣም የምትወዳት ጓደኛ የማትሰለችበት፣ ብዙም የማትቀርባት ደግሞ የማትገለልበት ድምፅ መፈለግ አለባት። ይህን ድምፅ ማግኘት ከባድ ነው። ሲገኝ ግን ያስታውቃል፤ የአደባባይ ንግግርም የምሥጢር ሹክሹክታም አይደለም፣ እራት ላይ ለተቀመጡ ሰዎች የሚነገር ነው።

ጥሩዋ ጸሐፊ በራሷ ወሬ አትጀምርም። መጀመሪያ መልስ ትሰጣለች። «ሁላችሁም ደህና በመሆናችሁ ደስ ብሎኛል» የምትል ሴት ማንንም አላነበበችም። «የልጅሽ ሳል ተሻለው? እኔ ማር በሎሚ ሰጥቼው ነበር የለቀቀው» የምትለዋ ግን አንብባለች። ለሰባቱ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ከሰጠች ግማሽ ገጽ ይበቃታል፤ ከዚያ በኋላ የራሷን ብትናገር ማንም አይከፋውም። ልምዱ ያላት ሴት መልሱንና ወሬውን ስትገጥም ስፌቱ እንኳ አይታይም፤ ከአንዷ ስለ አዲስ ቤት ከሰማችው ተነሥታ ወደ ራሷ ጣራ ትሻገራለች።

ወሬ መምረጥም አለ። የጻፈችው ነገር ለመጀመሪያዋ አንባቢ በሳምንቱ፣ ለመጨረሻዋ በሁለት ወሩ ይደርሳል። ስለዚህ የማይበረክት ወሬ ይቀራል። «ዛሬ ዝናብ ነው» አይጻፍም፤ «ጣራው ማፍሰስ ጀምሯል፣ ባለቤቴ በዚህ ክረምት እጠግነዋለሁ ብሏል» ይጻፋል። የኋለኛው በሁለት ወሩም ወሬ ነው፤ እንዲያውም «ጣራው ተጠገነ ወይ?» የሚል ሰባት ጥያቄ ይዞ ይመለሳል። ቁጣም እንዲሁ ነው። ዛሬ የተናደድሽበት ነገር ለሁለት ወር ቤት ለቤት ሊዞር መሆኑን ስታስቢ ብዕሩ ይቀዘቅዛል። የፖስታው ዝግታ ያለ አርታዒ ያርማል።

እጅ ጽሑፉና ወረቀቱም የሥራው አካል ናቸው። ለአንድ ሰው የሚላክ ደብዳቤ ቢሞነጫጨር ተቀባዩ ለምዶታል፤ ሰባት ሰው የሚያነበው ግን መነበብ አለበት። ወፍራም ወረቀት ፖስታውን ያከብደዋል፤ በጣም ቀጭኑ ደግሞ በጀርባው ሲጻፍበት ቀለሙ ያልፋል። ርዝመቱ ከሁለት ቅጠል ቢያልፍ ከሌሎቹ ትዕግሥት ላይ መውሰድ ነው። እነዚህን ሁሉ ማንም ሳይነግራቸው በሁለት በሦስት ዙር ይማሯቸዋል።

የዚህ ደብዳቤ ታናሽ እህት በሴት ተማሪዎች ማኅበራት መጽሔት ላይ የሚታተመው የምሩቃን ወሬ ዓምድ ነው። የፓይ ቤታ ፋይ ታሪክ ሚያዝያ 28 ቀን 1867 በኢሊኖይ ግዛት በሞንማውዝ ኮሌጅ ይጀምራል፤ 12 ሴት ተማሪዎች አይ ሲ ሶሮሲስ ብለው መሠረቱት፤ የአሁኑን ስሙን በ1888 ያዘ። ምልክቱ ትንሽ የወርቅ ቀስት ናት፤ ፊደላቱ በላባዎቿ ላይ ተቀርጸዋል፤ የምትንጠለጠልባት ሰንሰለት 12 ቀለበት አላት፣ ለ12ቱ መሥራቾች አንድ አንድ። የወርቅ አንጥረኛው ስም ሳይጽፍ ታሪክ የጻፈበት ሥራ ነው። ሌላው ማኅበር፣ ካፓ ካፓ ጋማ፣ «ጎልደን ኪይ» የተባለ መጽሔት በ1882 ጀምሮ ነበር፤ ፓይ ቤታ ፋይም በ1885 በካንሳስ ግዛት በሎረንስ ከተማ «ዚ አሮው» (ቀስቲቱ) የተባለ መጽሔቱን ማሳተም ጀመረ።

እንደነዚህ ባሉ መጽሔቶች የምሩቃን ዓምድ ውስጥ የአንድ ሰው ዓመት በሁለት መስመር ያልቃል። መተጫጨት፣ ጋብቻ፣ ልደት፣ ሞት፣ አዲስ አድራሻ። የመጀመሪያው የሙያ ችግር ስም ነው። እኛ ዘንድ ሴት ስታገባ የአባቷ ስም አብሯት ይኖራል፤ በአሜሪካ ግን በልማድ የባሏን ስም ስለምትይዝ የክፍል ጓደኞቿ በጋዜጣ ቢያይዋት እንኳ አያውቋትም። ስለዚህ ዓምዱ የልጅነት ስሟን ከጋብቻ ስሟ ጋር፣ ቀጥሎም ቅርንጫፏን ያስቀምጣል። በአንድ መስመር መጀመሪያ ላይ የተደረደሩት እነዚህ ስሞች የሴትዮዋን ሁለት ዘመን ያገናኛሉ፤ ተማሪዋንም እመቤቲቱንም የሚያውቅ ሰው እኩል ያገኛታል።

ቀጥሎ ግሡ ይመጣል። ለምሳሌ እንዲህ ያለ ማስታወሻ እንበል፦ «ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ወደ ዴንቨር ተዛውራለች፤ በዚያው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላቲን ታስተምራለች።» ቅጽል የለበትም፣ ሙገሳም የለበትም። ግን በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሥርተ ዓመታት ብዙ የአሜሪካ የትምህርት ወረዳዎች ያገባች ሴት በመምህርነት አይቀጥሩም ነበር። ይህን የምታውቅ አንባቢ ሁለተኛው ሐረግ ላይ ስትደርስ ቀና ትላለች። «ታስተምራለች» የሚለው አንድ ግሥ ውስጥ ያለፈ ክርክር፣ የተገኘ ደግ ርዕሰ መምህር፣ የተስማማ ባል አለ። ዓምዱ ይህን አይናገርም፤ እውነታውን በትክክለኛ ቦታው አስቀምጦ ያልፋል። አድናቆቴም ለዚህ መቆጠብ ነው።

በጥሩ አዘጋጅ እጅ ሁሉም ያው ሁለት መስመር ነው የሚያገኙት። የዳኛ ሚስት ሦስት፣ የመንደር አስተማሪ አንድ አይባልም። በዓምዱ ላይ ያለው ፍትሕ በሕይወት ውስጥ ካለው ይበልጣል።

ወሬ የሄደበት መንገድ ሥራም ይሄድበታል፤ ይህን ያረጋገጠው የቴነሲ ታሪክ ነው። በ1910 የፓይ ቤታ ፋይ ጉባኤ ለመሥራቾቹ መታሰቢያ ትምህርት ቤት ለመክፈት ወሰነ፤ በ1912 በጋትሊንበርግ፣ በስሞኪ ተራሮች ሥር ባለች ትንሽ መንደር ተከፈተ። ከልጆቹ ትምህርት ጎን ሽመና መጣ፤ በ1926 አሮውክራፍት የተባለ ሱቅ ተከፍቶ የመንደሩ ሴቶች በየቤታቸው የሚሸምኑትን ፎጣ፣ የገበታ ጨርቅና ብርድ ልብስ መሸጥ ጀመረ። ገበያው የት ነበር? በየከተማው ያሉት የምሩቃን ክበቦች ናቸው። መጽሔቱ ስለ ጋብቻና ልደት የሚያወራላቸው ሴቶች ከዚያው ከመንደሩ የመጣውን ጨርቅ በየስብሰባቸው ዘርግተው ሸጡ፣ ገዙ።

የዚያ አካባቢ ነባር የአልጋ ልብስ አሠራር ቀረብ ብሎ መታየት ያለበት ነው። ድሩ ጥጥ ነው። ሸማኔዋ አንድ ቀጭን የጥጥ ማግ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያደረገች ታሳልፋለች፤ ቀጥላ ወፍራም የሱፍ ማግ ትወረውራለች፤ ይህኛው ብዙ ድር በአንድ ጊዜ ተራምዶ ከላይ ተንሳፍፎ ያልፋል። ጌጡ የሚወጣው ከሱፉ ነው፤ ጨርቁን የሚይዘው ግን ቀጭኑ ማግ ነው። ሱፉ ተመዞ ቢወጣ እንኳ ከሥሩ ሙሉ ጨርቅ ይቀራል። የጌጡ ቀመር በረጅም ጠባብ ወረቀት ላይ በመስመርና በነጥብ ይጻፍ ነበር፤ ወረቀቱም ከእናት ለልጅ፣ ከጎረቤት ለጎረቤት ይተላለፋል። አንድ ነጥብ ከተሳሳተ ስሕተቱ በጨርቁ ሙሉ ርዝመት ይደጋገማል፤ ስለዚህ ገልባጯም እንደ ሸማኔዋ ጠንቃቃ መሆን ነበረባት።

በ1945 በዚያው በጋትሊንበርጉ ትምህርት ቤት ግቢ ከቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ጋር የበጋ የእጅ ጥበብ ትምህርት ተጀመረ። ከዚህ የወጣው ትምህርት ቤት ዛሬ አሮውሞንት ይባላል፤ ሽመና፣ ሸክላ፣ እንጨት፣ ብረት ለመማር ከመላ አገሪቱ ሰው ይመጣበታል። በኅዳር 2016 በጋትሊንበርግ የተነሣው ሰደድ እሳት ሁለት የማደሪያ ሕንፃዎቹን አወደመ፤ ትምህርቱ ግን ቀጠለ።

የእነዚህ ማኅበራት በር ሰፊ እንዳልነበር መሸሸግ አይገባም። ነባሮቹ ለረጅም ዘመን ጥቁር ሴቶችን አላስገቡም። በዋሽንግተን የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በ1908 አልፋ ካፓ አልፋን፣ በ1913 ዴልታ ሲግማ ቴታን የመሠረቱት በዚያው ዘመን ነው። የእነሱም ምሩቃን መረብ ምን ሊያደርግ እንደሚችል የአልፋ ካፓ አልፋ የሚሲሲፒ የጤና ዘመቻ ይመሰክራል፤ ከ1935 እስከ 1942 በየበጋው በሐኪሟ በዶሮቲ ቦልዲንግ ፌሬቢ መሪነት ነርሶችና መምህራት የዕረፍት ጊዜያቸውን ሠውተው ክትባቱንና ምርመራውን በመኪና ጭነው እስከ ጥጥ እርሻው ድረስ ወሰዱ። እንዲህ ያለ ቡድን በአዋጅ አይሰበሰብም፤ ማን የት እንዳለች፣ ምን እንደምትችል በሚያውቁ ሴቶች ነው የሚሰበሰበው።

የዙር ደብዳቤም የራሱ ድካም አለው። አንዲት ሰነፍ ተረኛ ሁሉንም ታቆማለች። ፖስታው ጠፍቶ የስምንቱም ደብዳቤ አብሮ ሊቀር ይችላል። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ሞት ነው። አንዷ ከሞተች የመጨረሻ ደብዳቤዋ በፖስታው ውስጥ አውጪ አጥቶ ይቀራል። የቀሩት ማን እንደሚያወጣው፣ ለማን እንደሚሰጥ መወሰን አለባቸው፤ ዝርዝሩ እንደገና ይጻፋል፣ ፖስታው ይቀላል። ወይዘሮ ግሬስ በሐምሌ 1957 በ78 ዓመታቸው አረፉ። በ1915 ለተጀመረ ዙር ይህ ከ40 ዓመት በላይ ነው፤ በዚያ ዕድሜ የዘለቀ የንግድ ድርጅት እንኳ ጥቂት ነው።

ዛሬ በስልካችን ያለው የክፍል ጓደኞች ቡድን ከዚህ ይፈጥናል፤ ሥራው ግን የተጠና አይደለም። ተራ ስለሌለ ዝም ያለውን ሰው ማንም አያስተውለውም፤ የሚናገሩት ሦስቱ ብቻ ናቸው፤ የሞት ወሬውም የበዓል ካርዱም በአንድ ቀን ተደራርቦ ያልፋል። በዙር ደብዳቤ ግን የአንዷ ዝምታ ሁሉን ያስቆማልና ወዲያው «ምን ሆና ነው?» ይባላል። ፍርዴ ይህ ነው፤ ለተበተኑ ወዳጆች እስከ ዛሬ ከተሠሩት መገናኛዎች ሁሉ ይህን ያህል በጥቂት ነገር በደንብ የተሠራ አላውቅም።

መሣሪያው ወረቀት መሆኑም ግድ አይደለም፤ በኢሜይልም ይዞራል። የሚያስፈልገው ከስድስት እስከ ስምንት ሰው፣ አንድ የማይለወጥ ዝርዝር፣ ለእያንዳንዱ ተረኛ ሰባት ቀን፣ እና «አሮጌውን አውጣ» የምትለዋ ደንብ ናት። አንድ ዓመት ይሞክሩት። ዝርዝሩን ጽፎ የመጀመሪያውን ደብዳቤ የሚልክ ሰው ግን የግድ ያስፈልጋል፤ እሱ እርስዎ ይሁኑ።